የቤንዚን ትንፋሽ

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረችው ቨርሊን ነበረች።

ድንጋዩ የፒክአፑን የፊት መስታወት በርቅሶ ገባና የኤመሪን ግንባር ፈነከተው። ኤመሪ ጎንበስ እንኳ አላለም። ከተሰነጣጠቀው መስታወት ጀርባ ሆኖ፣ ደሙ በቅንድቡ ላይ እየወረደ፣ ዝም ብሎ አያት። ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ልትረሳው ስትታገል የኖረችው እሱን ነው። አሁንም እንደ ድሮው ልቧ ወደ እሱ ማዘንበሉን ስታውቅ በራሷ ላይ ተናደደች፤ ሁለተኛ ድንጋይ አነሳች።

«ውጣልን ከግቢያችን!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን በቁሙ አቃጥለኸዋል፤ አሁን ደግሞ ምን ቀረህ? እኔን ልታቃጥል ነው የመጣኸው?»

ኤመሪ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከስቷል። መንጋጋው ድሮ በተሰበረበት በኩል ትንሽ ጠመም ብሏል።

«ቨርሊ» አላት። በዚያ ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። «ዴልበርት ነገ በመኪና ሊወዳደር ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ቢሆንስ? አንተን ምን አገባህ?»

«የመኪናውን ኮፈኖ ከፍቼ ሁለት ቱቦ ብቻ ልይ። ከዚያ እሄዳለሁ። ዳግመኛ ፊቴን አታዪም።»

ሁለተኛው ድንጋይ ትከሻው ላይ አረፈ። እሱ አሁንም አልተነቃነቀም። «ዳግመኛ ፊቴን አታዪም» ያለው ቃል ግን እሷን ከድንጋይ በላይ መታት። ሦስተኛ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አለችና ሳታነሳ ቀና አለች። ከቁጣ ይሁን ከናፍቆት፣ ራሷም መለየት አቃታት።

ኤመሪ ኮምብስን እኛ የላውረል ክሪክ ሰዎች ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን። አባቱ የድንጋይ ከሰል ማውጫው ጉድጓድ በተደረመሰ ጊዜ ከሥር የቀረ ነው። ልጁ ዘመድ አልነበረውምና የቨርሊን አባት ኦሪን ስቲድሃም ወስዶ ጋራዡ ውስጥ አሠራው፤ ከጋራዡ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል አሳደረው፤ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦም ከልጆቹ ጋር አበላው። ኤመሪ ብረት በነካ ቁጥር ብረቱ እሺ ይለዋል። የኦሪን ልጅ ዴልበርት ደግሞ ችኩል ነው፤ የፈታውን ሳያስር ወደ ሌላው ይዘላል። ኦሪንም ደንበኛ ፊት እንኳ አይምረውም። «የሰው ልጅ ሠራተኛ ሆነልኝ፣ የራሴ ልጅ ደግሞ መከራ» እያለ ያዋርደዋል። ሆኖም ኤመሪና ቨርሊን ከወንዙ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው መታየታቸውን በሰማ ዕለት ቤቱን በጩኸት ሞላው። «ልጄን ለጋራዥ ቅጥረኛ አልሰጥም!» አለ። የኤመሪን እጅ ለጋራዡ ፈለገው እንጂ ለልጁ አልፈለገውም።

ከአባቱ ዓይን የሚሸፍናቸው፣ መልእክት የሚያመላልስላቸው ግን ዴልበርት ነበር። እሱና ኤመሪ ወንድማማች ነው የሚመስሉት።

ከዚያ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያ ቅዳሜ መጣ። ዴልበርት አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሞተሯ ሲነሳ የሰፈሩን መስኮት የምታንቀጠቅጥ ብርቱካንማ መኪና ነበረችው። ኤመሪ ሞተሯን ዓርብ ዕለት ገጥሞ አስረከበው። በማግስቱ በውድድሩ ሜዳ ዴልበርት ቤንዚን ጢም አድርጎ ሞላ፤ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ የነሐሴ ፀሐይ ላይ አቆማት። ተራው ደርሶ ቁልፉን ሲያዞር ከኮፈኖው ሥር እሳት ፈነዳ። ቨርሊን አጥሩ ላይ ተቀምጣ እያጨበጨበች ነበር። ወንድሟ ከነበልባሉ ውስጥ ሲወጣ ግማሽ ፊቱና ግራ እጁ የእሱ አልነበሩም።

እንዲህ ያሉ መኪኖች ሁለት ዓይነት ትንፋሽ አላቸው። አንዱ የቤንዚኑ ነው፤ ከኋላ ካለው ማጠራቀሚያ እየተነነ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ይመጣና ከሰል የሞላበት፣ ትነቱን የሚውጥ ጥቁር ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ሌላው የሞተሩ የራሱ ትንፋሽ ነው፤ ከኮፓው፣ ከሥር ካለው የዘይት መያዣ፣ የሚነሳው ጭስ ላይ ባለው መተንፈሻ በኩል በሌላ ቱቦ ወጥቶ ወደ አየር ማጣሪያው ይመለሳል። ቱቦዎቹ ሁለቱም ጥቁር ጎማ ናቸው፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ መገናኘት ግን የለባቸውም። ኦሪን የተቃጠለችውን መኪና ሲመረምር ጥቁሩ ቆርቆሮ የለም። የቤንዚኑ ቱቦ ጫፍ በቀጥታ ከሞተሩ መተንፈሻ ጋር በፋሼታ፣ በብረት ማጥበቂያ ቀለበት፣ ታስሯል። ቁልቁል በቆመችበት ቤንዚኑ በዚያ በኩል ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲንቆረቆር ነበር።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ኦሪን ኤመሪን በደረቱ ይዞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «ይሄን ቱቦ ማን ነው የቀጠለው?»

ኤመሪ ዴልበርት ወደተኛበት ክፍል በር አየ። ዝም አለ።

ኦሪን መንጋጋውን ሰበረው። ያኔም ዝም አለ። ቨርሊን ቆማ እየለመነችው፣ «አይደለሁም በል፣ አንድ ቃል ብቻ በል» እያለችው ዝም አለ። ከተማውን ለቆ ሄደ። የዚያን ቀን ከወንድሟ ፊት እኩል የሷም ልብ የተቃጠለ መሰላት።

አሁን ኦሪን ከጋራዡ ወጣ። በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። አልሮጠም፤ አልጮኸም።

«ኤመሪ።»

«አቤት፣ ሚስተር ኦሪን።»

«ያኔ ስሸኝህ ምን ብዬህ ነበር?»

«ተመልሰህ ብትመጣ እገድልሃለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ሰምተኸኛል ማለት ነው።»

«በደንብ ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«መጣሁ።»

ብረቱ ሲያርፍ ኤመሪ ግራ ክንዱን አንስቶ ነበር። ክንዱ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰብሮ ጮኸ። በጉልበቱ ወደቀ። ኦሪን በጫማው ጎኑን ደገመው።

«ይግደሉኝ!» አለ ኤመሪ አፈር ላይ ሆኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ግን መጀመሪያ ኮፈኖውን ያስከፍቱት! ጥቁሩ ቆርቆሮ መኖሩን ይዩ፣ ቱቦዎቹን ይዩ!»

«ቱቦ አልከኝ?» የኦሪን ድምፅ ተሰነጠቀ። «የልጄን ፊት የበላውን ቱቦ በዚያ አፍህ ትጠራልኛለህ? አንተ ውሻ! እንጀራዬን በልተህ!» እንደገና መታው። እንደገና።

ቨርሊን አልተነቃነቀችም። ይህን ቀን በሐሳቧ ስንት ጊዜ አይታው ነበር፤ ስታየው ደግሞ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ምት ወደ ራሷ አጥንት እየገባ ነው። ዓይኗን ስታሸሽ ዴልበርትን አየችው። እንደገና የሠራት መኪና ከቆመችበት ጎተራ በር ላይ ቆሟል፤ ያልተቃጠለው ግማሽ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ኤመሪም ከመሬት ቀና ብሎ እሱን አየው። ሁለቱ ለአፍታ ተያዩ። ፊቱን ያዞረው ዴልበርት ነው።

ጥይት ጮኸ። የቨርሊን እናት ኦፓል በረንዳው ላይ ቆማ የኦሪንን ረጅም ጠመንጃ ወደ ሰማይ ይዛለች።

«ኦሪን! ሰው የምትገድል ከሆነ ከአጥሩ ውጭ ውሰደውና ግደል፤ እዚህ አንሶላ አስጥቻለሁ!»

«ግቢ አንቺ ሴትዮ!»

«ሁለተኛው ሰማይ ላይ አይሆንም፣ ኦሪን። እግርህ ላይ ነው። ታውቀኛለህ።»

ኦሪን ያውቃታል። ኤመሪን በኮሌታው እየጎተተ ወስዶ ከአጥሩ ማዶ ጣለው። ቨርሊን አፈሩ ላይ የቀረውን የደም መስመር እስከ አጥሩ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የሆነ ነገር ውስጧ ግን «ተነሺ፣ ሂጂ» ይላት ነበር።

ሄደች። ከአጥሩ ማዶ ወንዙ ዳር ግንድ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው፤ ክንዱን ታቅፎ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ። ጣውላና የተቀደደ የትራስ ልብስ ይዛለች።

«ልረዳህ እንዳይመስልህ» አለች ተንበርክካ ክንዱን እየያዘች። «በራችን ላይ እንዳትሞትብን ነው።»

«ገብቶኛል።»

«አትናገር።»

ጣውላውን ስታስርለት ከንፈሩን ነክሶ ቻለው። ፊቱ ከፊቷ አንድ ስንዝር አይርቅም። ፀጉሩ እንደ ድሮው ማሽን ዘይት ማሽን ዘይት ይላል። ጨርቁን አጥብቃ ቋጠረችው፤ ከሚገባው በላይ አጠበቀችው፣ እንዲያመው።

«ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር» አላት።

«ሳልከፍት መለስኩልህ።»

«ለምን?»

«ብከፍተው ይቅር እንዳልልህ ፈርቼ!» ብላ ጮኸችበት። እንባዋ ቀደማት፤ ጨርቁን በቋጠረችበት እጇ በጥፊ መታችው። «ለምን ዝም አልክ? ኮሪደሩ ላይ ለመንኩህ! ዋሽተኸኝ ቢሆን እንኳ አምንህ ነበር፤ አንድ ቃል! አንድ ቃል ነፈግከኝ!»

«የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

«ምኑ?»

ዓይኑን ወደ ወንዙ አዞረ። እንደገና ልትመታው እጇን አነሳች፤ እሱም እንድትመታው ጉንጩን አላራቀም። እጇ አየር ላይ ቀረች፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ወደቀች። ልቡ ከመዳፏ ሥር ሲደልቅ ተሰማት።

«ስሚኝ ቨርሊ» አለ በቀስታ። «እኔን ጥይኝ፤ ችግር የለውም። ግን ኮፈኖውን ክፈቺ። ጥቁሩ ቆርቆሮ ካለ እኔ ተነስቼ እሄዳለሁ። ከሌለ ግን ዴልበርት ቁልፉን እንዳያዞር። በእግዚአብሔር፣ እንዳያዞር።»

«ይሄን ሁሉ ድብደባ የቻልከው ለአንድ ቆርቆሮ ነው?»

«ለወንድሜ ነው» አላት።

«ወንድሜ» ሲል ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። ቨርሊን እየሮጠች ወደ ጎተራው ስትመለስ ያስፈራት ያ ነው። ሁለት ዓመት የተሸከመችው ጥላቻ ድንገት ባለቤት ያጣ መሰላት።

ጎተራው ውስጥ የቆርቆሮው ጣሪያ በቀትር ፀሐይ ግሎ ያቃጥል ነበር። ብርቱካንማዋ መኪና አፍንጫዋን ወደ በሩ፣ ቁልቁል አድርጋ ቆማለች፤ ከቃጠሎው ወዲህ ዴልበርት በአንድ ደህና እጁ ሁለት ክረምት ሙሉ የሠራት ናት። ቨርሊን ኮፈኖውን አነሳች። ሁሉም ነገር እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጥቁሩ ቆርቆሮ በቦታው የለም። ከኋላ የመጣው የቤንዚን ቱቦ ከሞተሩ ክዳን በላይ፣ መተንፈሻው ላይ ተሰክቷል፤ በአንድ አይደለም፣ በሁለት ፋሼታ ታስሯል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛ አሸተተችው። ዘይቱ ቀጥኖ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሽታው ቤንዚን ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ዴልበርት ከኋላዋ ቆሟል።

«ጥቁሩ ቆርቆሮ የት አለ?»

«ያ አስቀያሚ? ጣልኩት። በዚህ ሁሉ ክሮም መሃል የአሮጊት ድስት መስሎ ተገትሮ! ያኔም እኮ ኤመሪ ከገጠመው በኋላ አውጥቼ...»

ቀሪው አፉ ውስጥ ቀረ።

«ያኔም ምን?» አለች ቨርሊን።

ዴልበርት ጣቱን ቱቦው ላይ ቀሰረ።

«ቱቦው ትክክል ነበር!» አለ ዴልበርት፣ ማንም ሳይከራከረው። «ፋሼታው ነው የከዳኝ። ስለላላ ነው። አሁን ሁለት አስሬበታለሁ፣ እይው! ነገ የውድድሩን ሩብ ማይል ስጨርስ ማን ትክክል እንደነበር አባዬ ያያል!»

«ኤመሪ ያውቃል?»

«በፋሻ ተጠቅልዬ ተኝቼ ነው የነገርኩት።» ድምፁ ወረደ። «እንዳትናገር ብዬ ለመንኩት። አባዬ እኔ መሆኔን ካወቀ አልጋዬ አጠገብ አይቀመጥም፣ ዓይኔን አያይም አልኩት። ቨርሊን፣ አባዬን ታውቂዋለሽ። እየሞትኩ ነበር። ብቻዬን መሞት አልፈለግኩም።»

«እሱስ? እሱ ብቻውን ቢሞትስ? አሁን ፊት ለፊትህ አጥንቱ ሲሰበር በር ላይ ቆመህ አየህ!»

በጥፊ መታችው። ደግማ መታችው። እየመታችው የምታለቅሰው ለእሱ ይሁን ለኤመሪ ወይስ ለተመለሱት ደብዳቤዎች፣ አላወቀችም። «ዘይቱን አሽትተው! ቤንዚን ሆኗል! ያው እሳት ነው ዴልበርት፣ ያው ራሱ!»

«ዝም በይ!» ገፈተራትና መኪናው ጎን ላይ ወደቀች። «ሁላችሁም አንድ ናችሁ! ዴልበርት መከራ፣ ዴልበርት አይችልም! አሁኑኑ አሳይሻለሁ!» መኪናዋ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ጮኸ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ቨርሊን መስኮቱን በቡጢ እየደበደበች ስትጮህ ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም። ከመተንፈሻው ዙሪያ ነጭ ተን መውጣት ጀመረ፤ ከሥሩ የጭስ ማውጫው ብረት እየጋለ ነው።

ያን ጊዜ ኤመሪ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ገባ። ክንዱ በጣውላ ታስሮ፣ ፊቱ በደም ተሸፍኖ፣ እየተንገዳገደ። ማንንም አልጠየቀም። የሚንቀጠቀጠው ሞተር ላይ ተጎነበሰ፣ የቤንዚኑን ቱቦ በደህና እጁ ያዘ፣ አጠፈውና ጨበጠው። ቤንዚኑ ቆመ።

«አጥፋው!» ብሎ ጮኸ ወደ ዴልበርት። «አጥፋው ወንድሜ፣ ይዤልሃለሁ!»

ኦሪን ከደጅ ሲገባ ያየው ግን ሌላ ነው። ልጁ መኪናው ውስጥ አለ፤ ኤመሪ ኮፈኖው ሥር እጁን ከትቷል።

«አባዬ አትምታው!» ቨርሊን ጮኸች።

የመጀመሪያው ምት የኤመሪ ጀርባ ላይ አረፈ። አልለቀቀም። «ሚስተር ኦሪን፣ አይምቱኝ! እጄን ከፈታሁ ይቃጠላል!» ቨርሊን አባቷ ክንድ ላይ ተንጠለጠለች፤ ወዘወዛትና ጣላት። ሁለተኛው ምት ጭንቅላቱ ላይ፣ ከግራ ጆሮው በላይ አረፈ። ኤመሪ ድምፅ አላሰማም። ጉልበቱ ታጠፈ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ።

ቤንዚኑ ተንቆረቆረ። እሳቱ ቧ ብሎ ተነሳ።

ዴልበርት ከመስታወቱ ጀርባ እሳቱን ሲያየው እንደ ድንጋይ ሆነ። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። እጁ በቁልፉ አጠገብ አለ፤ አይንቀሳቀስም። ኦሪን መስኮቱን በዚያው ኤመሪን በመታበት ብረት ሰባበረው፤ ቁልፉን ነቀለ፤ ልጁን በመስኮቱ በኩል ጎትቶ አወጣው። ቨርሊን ግን ወደ ወንድሟ አልሮጠችም። እጇን ነበልባሉ ውስጥ ከተተች። ኤመሪ የለቀቀውን ቱቦ ያዘችው፣ አጠፈችው፣ ጨበጠችው። ቆዳዋ ሲያር ሸተታት። ኦፓል እርጥብ አንሶላዎቿን እየጎተተች መጥታ ሞተሩ ላይ እስክትጥልና እሳቱ እፍን ብሎ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀችውም። አላመማትም። ዓይኗ መሬት ላይ ከወደቀው ሰው አልተነሳም።

«እኔ ነኝ!» ዴልበርት ነው፤ አባቱ እግር ሥር በአራት እግሩ ሆኖ ያለቅሳል። «ያኔም እኔ ነኝ፣ አሁንም እኔ ነኝ! ኤመሪ በትክክል ነበር የገጠመው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እንዳይነግርህ ያስማልኩት እኔ ነኝ!»

ኦሪን ብረቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ዴልበርት ሊመታኝ ነው ብሎ በተቃጠለው እጁ ፊቱን ሸፈነ። ኦሪን ጣቶቹን ፈታ፤ ብረቱ ወደቀ። ያ ትልቅ ሰውዬ ዘይቱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና የልጁን ጭንቅላት ደረቱ ላይ አደረገው። አንድም ቃል አልወጣውም፤ እንደ ተጎዳ እንስሳ ብቻ አቃሰተ።

ቨርሊን የኤመሪን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አንስታ ነበር። ከጆሮው ደም ይወርዳል።

«ኤመሪ። ኤመሪ፣ ዓይንህን ግለጥ። ልታስለቅሰኝ ነው የመጣኸው? እሺ፣ ይኸው አለቀስኩ። አሁን ግለጥ።»

አልገለጠም። ደሙን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

ወደ ሆስፒታል የነዳው ኦሪን ነው። ቨርሊን ከኋላ ፒክአፑ ላይ የኤመሪን ጭንቅላት ታቅፋለች፤ ዴልበርት መንገዱ እንዳያናውጠው እግሮቹን ይዟል። በድልድዩ ላይ ሲያልፉ ኤመሪ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ዴልበርትስ?»

«አለሁ» አለ ዴልበርት፣ ጉንጩ እግሩ ላይ ተለጥፎ። «ደህና ነኝ። አንተ የማትረባ፣ ምናለ ብትነግራቸው ኖሮ።»

«ለምነኸኝ ነዋ።»

«እኔ ብዙ ነገር እለምናለሁ! መቼ ነው ሰምተኸኝ የምታውቀው?»

ኤመሪ ሊስቅ ሞከረና አመመው። ዓይኖቹ ቨርሊንን ፈለጉ። «ተቆጥተሻል?» አላት።

«በጣም» አለች። «ከዚህ ስትነሳ ገና ብዙ እቆጣሃለሁ። ዓመት ሙሉ እቆጣሃለሁ። እንዳትሞትብኝ።»

«ዓመት ብቻ?»

«ዕድሜ ልክ» አለችው፤ ግንባሩን በድንጋይ በፈነከተችው ቦታ ላይ ሳመችው። ከንፈሯ ላይ የቀረው የደም ጣዕም ጨው ነበር። ከእንባዋ አልለየችውም።

ሐኪሙ ሲወጣ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል አለ፤ ግራ ጆሮው ከእንግዲህ አይሰማም፤ ክንዱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይተርፋል ግን። ኦፓል ወንበሩ ላይ እንዳለች መሃረቧን አፏ ላይ አደረገች። ዴልበርት ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ኦሪን ቆሞ ነው፤ ከገቡ ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ የማንንም ዓይን አያይም።

ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። «የታማሚው ቤተሰብ እነማን ናችሁ?»

ኦሪን አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ሻክሮ ነበር።

«እኔ ነኝ። ልጄ ነው። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት፤ ሸሪፉንም እኔው ራሴ ሄጄ አነጋግራለሁ። ግን ልጄ ነው ብለሽ ጻፊ።»

«አይጻፍ» አለች ቨርሊን።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ቀሚሷ በደምና በጥላሸት ተለውሷል፤ ፀጉሯ በአንድ በኩል ተለብልቧል። አባቷን ቀጥ ብላ አየችው፤ በሕይወቷ እንዲህ አይታው አታውቅም።

«ልጅህ ከሆነ ወንድሜ ሊሆን ነው አባዬ፤ እኔ ደግሞ ወንድም አለኝ። አማችህ ነው። እንደዚያ ብለህ አስጽፍ።»

ኦሪን አፉን ከፈተ። ያቺን ስለ ጋራዥ ቅጥረኛ የሚናገራትን ነገር የሚናገር መስሏት ጥርሷን ነከሰች። እሱ ግን የእሷን እጅ፣ ቱቦውን የጨበጠችበትን፣ ቆዳው ተላልጦ የተንጠለጠለውን መዳፍ አየ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

«አማቼ ነው» አለ ለነርሷ፣ በሹክሹክታ። «ኤመሪ ኮምብስ ይባላል።»

ነርሷ ጻፈች። ቨርሊን አመሰግናለሁ ልትል ነበር፤ አልቻለችም። እጇን ማቃጠል የጀመራት ያን ጊዜ ነው፤ ከጣቷ እስከ ትከሻዋ፣ በአንድ ጊዜ፣ በኃይል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ሕመሙም ደስታውም እየተፈራረቁ ሳይሆን አብረው መጥተውባት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየትም ሳትፈልግ።